4294967297ን በእስክሪብቶ መሰንጠቅ

የቁጥር ቲዎሪ (የሙሉ ቁጥሮችን ጠባይ የሚያጠናውን የሂሳብ ዘርፍ) ጀምሬያለሁ ብያችሁ ነበር። ሰሞኑን የያዝኩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 4294967297። እዚህ ደሴ ክረምቱ ገብቶ መብራት ሄድ መጣ ስለሚል፣ ሥራው ሁሉ በደብተር ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ ደብተሬን አየችና «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የማን ብር ነው?» አለችኝ።

2ን 32 ጊዜ ጽፋችሁ አባዙና 1 ጨምሩበት፤ ይሄ ነው ቁጥሩ። (የኔትወርክ ሰዎች 1 ሲቀነስለት ያውቁታል። የድሮው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ላይ የሚለዩበት ቁጥር፣ ብዛቱ ልክ 4294967296 ነው።) ፈረንሳዊው የሂሳብ ሰው ፌርማ፣ እ.ኤ.አ. በ1640 አካባቢ፣ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ፕራይም መሆናቸውን አየ። ከ1 እና ከራሳቸው በቀር እኩል የሚያካፍላቸው የለም ማለት ነው። 1 ብትቀንሱላቸው 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65536 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ የፊተኛው በራሱ ተባዝቶ የመጣ ነው። ፌርማ ቀጣዩም ፕራይም ነው አለ። ቀጣዩ የኛው ባለ አስር አሃዝ ነው። በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር 641 እንደሚያካፍለው አሳየና ግምቱ ፈረሰ።

እኔን የያዘኝ ግን 641ን ከየት አመጣው የሚለው ነው። በጭፍን ብትሄዱ ከ6500 በላይ ፕራይሞች መሞከር ሊኖርባችሁ ነው። ኦይለር ግን ይህን ቁጥር የሚያካፍል ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 መቅረት እንዳለበት አረጋገጠ። ስለዚህ 65፣ 129፣ 193 እያሉ መሄድ ነው። ፕራይም ያልሆኑትን ስታወጡ መጀመሪያ የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ተያዘ። አጃኢብ ነው!

ማረጋገጫው ደግሞ ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ያልቃል። ትልቁን ቁጥር መንካት አያስፈልግም፣ ቀሪውን ብቻ ያዙ። 65536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ቁጥራችን ነው። 256 × 256 = 65536። ከዚህ 641 × 102 = 65382 ሲነሳ 154 ይቀራል። አሁን 65536ን በራሱ በማባዛት ፈንታ 154ን በራሱ አባዙ፤ 23716። 641 × 37 ደግሞ 23717 ነው። አንድ ብቻ ጎደለ። ያቺ የጎደለችው 1፣ መጀመሪያ የጨመርናት 1 ናት። ስትገባ እኩል ይካፈላል፣ ድርሻውም 6700417።

የስልክ ካልኩሌተር ይህን ወዲያው ይነግራችኋል፣ ግን ያቺን 1 አያሳያችሁም።

6700417 ራሱ ፕራይም ነው። በእጅ ለማረጋገጥ ያው የ64 ደንብ ይሠራል፤ ከላይ የወደቁትን ትተን የሚፈተኑት 641፣ 769፣ 1153፣ 1217፣ 1409፣ 1601 እና 2113 ብቻ ናቸው። እኔ 1217 ላይ ነኝ።

ቀጥሎ የሚመጣው ባለ 20 አሃዝ ነው፤ 18446744073709551617። ትንሹ አካፋዩ 274177 ስለሆነ በደብተር አልሞክረውም። ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የምትችሉ ካላችሁ አጭር ኮድ ጣል አድርጉልኝ።