የእምዬ ትከሻ

ዛሬ ጠዋት አያቴ እምዬ ቡና እያፈላች "ትናንት እንዴት ጨፈራችሁ?" አለችኝ።

ትናንት የጓደኛዬ ሰርግ ነበር። ጥር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ይሞሸራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅዳሜዬ ሰርግ ነው፣ እሁዴ አያቴ ቤት። ጉራጊኛው ሲመጣ ጫማዬን አውልቄ ነው የጨፈርኩት፤ በተረከዝ ጫማ አይሞከርም።

ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮውን አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች። ጉራጊኛውን ዝም ብላ አየችው። ኦሮምኛውንም። የጎጃም እስክስታ ሲጀምር ግን ጀበናውን እንደያዘች ቆም አለች።

"ይቺ ልጅ በእጇ ነው የምትጨፍረው" አለች። "ትከሻ ከደረት ጋር ነው የሚሄደው። አንገት ይከተላል።"

ከዚያ እዚያው በርጩማዋ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ፣ አሳየችኝ። ቀኝ ትከሻዋ ነቅነቅ አለ። ግራው ተከተለ። ደረቷ መታ። ጀበናው እጇ ላይ ነው፤ ቡናው ጠብ አላለም።

እምዬ 80 ዓመት ልትሞላ ነው። ስትጨፍር አይቻት አላውቅም ነበር።

"የት ተማርሽው?"

"ማን ያስተምራል? እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነዋ።"

እኔ ከዩቲዩብ ነው የተማርኩት። ደግሞም ጥሩ አስተምሮኛል፣ አልክድም። ግን ስንት ዓመት ቅዳሜ የኔ፣ እሁድ የቤተሰብ እያልኩ ለያይቼ ኖሬያለሁ። ሰርግ ቤት ስፈልገው የነበረው ነገር ከረከቦቱ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ስንት ቡና አብረን ጠጣን፣ አንድ ቀን እንኳን "አንቺስ እንዴት ነበር የምትጨፍሪው?" ብዬ አልጠየቅኳትም።

ቶናው ሲቀዳ "በይ ተነሽ፣ አሁን ያንቺን ልየው" አለችኝ።

ተነሳሁ።