ካቴተሩ ዛሬም ያስፈልጋቸዋል?

መሐል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። በማዕከላዊ ደም ሥር ካቴተር (በትልቅ ደም ሥር እስከ ልብ አጠገብ በሚገባ፣ መድኃኒት በሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) በኩል የሚገባውን የደም ኢንፌክሽን ለመቀነስ ክፍላችን ሲነሣ ሥራውን የማስተባብረው እኔ ሆንኩ። የጀመርኩት መመሪያ ግድግዳ ላይ በመለጠፍ ነበር። አምስቱ ነጥቦች ለባለሙያ አዲስ አይደሉም፦ እጅን ማጽዳት፤ ኮፍያ፣ ማስክ፣ ጋውንና ጓንት ለብሶ ታካሚውን ከራስ እስከ እግር ከጀርም በጸዳ ጨርቅ መሸፈን፤ ቆዳውን ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ መጥረግ፤ በተቻለ መጠን የብሽሽትን ደም ሥር መተው፤ የማያስፈልገውን ካቴተር ማውጣት። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ከ100 የሚበልጡ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እነዚህኑ ሠርተው፣ በ1000 የካቴተር ቀናት (አንድ ታካሚ ካቴተር ይዞ የዋለበት እያንዳንዱ ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል) በአማካይ 7.7 የነበረው ኢንፌክሽን በ18 ወራት ውስጥ ወደ 1.4 መውረዱን ፒተር ፕሮኖቮስትና ባልደረቦቹ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትመዋል።

የእኛ ወረቀት ግን ምንም አልለወጠም። ጋውኑ ከኦፕራሲዮን ክፍል፣ ክሎርሄክሲዲኑ ከፋርማሲ፣ ትልቁ መሸፈኛ ጨርቅ ከልብስ ማጠቢያ ይፈለግ ነበር። የታካሚው የደም ግፊት እየወረደ ይህን ሁሉ ማን ይጠብቃል? ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሳጥን አሰባሰብኩ፤ በየተረኛው ፈረቃ መጀመሪያ ይቆጠራል፣ የጎደለው ወዲያው ይሞላል። ቧንቧው ሲደርቅ እጃችን እንዳይቦዝን ደግሞ ፋርማሲያችን በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የሚያዘጋጀውን የእጅ ማሻሻ አልኮል በየአልጋው እግርጌ ሰቀልን። አንድ ልማድ ለመስበር ግን ብዙ ደከምኩ፤ ክሎርሄክሲዲኑ በራሱ እስኪደርቅ መታገሥ ሲገባ በጎዝ የሚያደርቁት ነበሩ።

የከበደኝ ማውጣቱ ነው። አንዲት እናት የደም ግፊት መደገፊያ መድኃኒታቸው ከቆመ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል፤ ምግብም በአፋቸው ጀምረዋል። ካቴተሩ ሊወጣ ነው ስል ልጃቸው እጄን ያዘኝ። «ሲስተር፣ ይህን ዕቃ ለማግኘት ከሜክሲኮ እስከ ተክለ ሃይማኖት ያልገባሁበት ፋርማሲ የለም። ነገ ቢፈልጉትስ? እባክሽ ይቆይ።» ሐኪሙም «ለማንኛውም ይቆይ» አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። በአራተኛው ሌሊት ብርድ ብርድ ብሏቸው አልጋው እስኪንቀጠቀጥ አንዘፈዘፋቸው። ደማቸው ሲመረመር ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ በቀለ። ካቴተሩ ወጥቶ፣ አንቲባዮቲክ ተጀምሮላቸው ተረፉ፤ ልጁ ግን ለዚያ መድኃኒት እንደገና ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረ።

በልጁ አልፈርድም። ላቡን ያፈሰሰበት ዕቃ ሲጣል ማየት ለማንም ይከብዳል። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ዕቃውን ሲገዛ አንድ ቀን እንደሚወጣ የነገረው የለም። አሁን ካቴተሩ በገባ ዕለት አስታማሚውን ቁጭ አድርጌ፣ ይህ ቱቦ ወደ ልብ አጠገብ የሚያደርስ በር እንደሆነ፣ ሥራውን እንደጨረሰም እንደምንዘጋው እነግረዋለሁ።

በየማለዳው ጉብኝት ደግሞ በእያንዳንዱ አልጋ ፊት «ዛሬም ያስፈልጋቸዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ኖርአድሬናሊን ላይ ናቸው» መልስ ነው፤ የደም ግፊት መደገፊያ መድኃኒት ነውና። «ምናልባት» ግን መልስ አይደለም። አንድ ከፍተኛ ሐኪም በዚህ ተቆጥተውኝ ያውቃሉ፤ ከሳምንት በኋላ እኔ ሳልጠይቅ ራሳቸው ይጠይቁ ጀመር። ካቴተሩ ከመውጣቱ በፊት ክንዳቸው ላይ ሁለት ጥሩ የደም ሥር መስመር እናስገባለን፤ የ«ነገ ቢፈልጉትስ» ስጋት የሚቀለው በዚህ ነው። ለሚቆየው ካቴተር ደግሞ መድኃኒት በሚሰጥ ቁጥር አስቀድሞ የቱቦውን የመድኃኒት መግቢያ አፍ በአልኮል 15 ሰከንድ ማሸት፣ ግልጹን መሸፈኛ በ7 ቀን፣ የጎዙን በ2 ቀን መቀየር ነው፤ ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ ወዲያው።

በመቁጠርም ተሳስቼ ነበር። ኢንፌክሽኑን ለካቴተር ቀናት አካፍዬ በ1000 ሳባዛ የአንድ ወር ውጤት ዜሮ መጣና ደስ አለኝ። ለካ በዚያ ወር የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ጠርሙስ አልቆ ማንም አልተመረመረም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ካልቸር እንደተላከ ከቁጥሩ ጎን ሳልጽፍ ሪፖርት አላቀርብም።

ያልተፈታልን ሌሊቱ ነው። ታካሚ እየሞተ ሲመጣ ሳጥኑ እስኪከፈት የሚጠበቅበት ጊዜ የለም፤ ካቴተሩ ባለው ሁኔታ ይገባል። እንዲህ የገባውን በፋይሉ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቀንና ሰዓቱን እንጽፍበታለን፤ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ በንጹሕ አሠራር ይቀየራል። ጠዋት ስገባ አስቀድሜ የማየው ያንን ቀይ ጽሑፍ ነው።