22 ሰው፣ 22 አምስት

ይህን ገጠመኝ ሳስታውስ እስካሁን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያሰኘኛል። ግን ልጻፈው፣ አሁን ክረምት ክረምት የሚማሩ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉ።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። በጎን ባሕር ዳር በትምህርት አመራር ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የክረምት ትምህርትን የቀመሰ ያውቀዋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሮስተር ዘግተህ፣ ካርድ አድለህ፣ ትንፋሽህን ሳትሰበስብ ቅጥቅጥ ላይ ትሳፈራለህ፤ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፈህ ባሕር ዳር ትገባና ለአራት በተከራያችኋት ክፍል ውስጥ ሐምሌና ነሐሴን ስለ ለውጥ አመራር ስታነብ ትከርማለህ። መስከረም ላይ ተመልሰህ የተሰበረ ዴስክ ትቆጥራለህ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ርዕሰ መምህራን አመራር ነበር። 40 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጀሁ። በአራቱ የትምህርት ቤት መሻሻል ዘርፎች ከፋፈልኩት፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። መልሱ ከ1 እስከ 5 ነው። 1 «በጣም አልስማማም»፣ 5 «በጣም እስማማለሁ»። ወደ ዋናው ጥናት ከመግባትህ በፊት ደግሞ መጠይቁን ጥቂት ሰዎች ላይ ትሞክረዋለህ፣ ፓይለት የሚሉት። የት ልሂድ? የራሴ ስታፍ አለ አይደል! 22 መምህር። 22 በ4 ገጽ፣ 88 ወረቀት። በአንድ በኩል ብቻ አተምኩት፣ እንዲያምር። ወረቀቱ የትምህርት ቤቱ ነበር። አትፍረዱብኝ፣ ያላደረገው ካለ እሱ ይፍረድ።

ጊዜው ጥር ነበር። የመምህራን የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚሞላበት ሳምንት። ሞልቶ የሚፈርመው ማነው? እኔ። ይሄ ያኔ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ሽፋኑ ላይ «ስምዎን መጻፍ አያስፈልግም» ብዬ በደማቁ ጽፌያለሁ። ከዚያ ማን እንደመለሰ ማን እንዳልመለሰ እንዳይጠፋኝ ብዬ ከእያንዳንዱ መጠይቅ ጀርባ በእርሳስ ከ1 እስከ 22 ቁጥር ሰጠሁ፣ ያውም በስም መቆጣጠሪያው ተራ። በክፋት አልነበረም፣ እግዜር ያያል።

በማግስቱ ጠዋት ገና ሰልፍ ሳይጀመር 22ቱም ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል። የክፍል ጓደኞቼ መጠይቅ ለማስመለስ ወር ሙሉ ይለምናሉ፤ የእኔ በአንድ ቀን! ምን ዓይነት ተወዳጅ አለቃ ብሆን ነው አልኩ።

ማታ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁትና ክሮንባህ አልፋ እንዲያወጣልኝ አዘዝኩት። (ለማያውቀው፦ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መጣጣማቸውን የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሊ ክሮንባህ በ1951 ጽፎበት ታወቀ። 0.7 ካልደረሰ ብዙ አማካሪ ፊቱን ያጠቁርብሃል።) ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ አመጣብኝ። ጥያቄ 31 ምንም ልዩነት የለውም፣ ከስሌቱ አውጥቼዋለሁ ይላል። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ ልዩነቱ ዜሮ ነው፣ ከዜሮ ምንም አይሰላም። ስጽፍ የተሳሳትኩ መስሎኝ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። 22 ሰው፣ 22 አምስት።

ጥያቄ 31 ምን ይላል መሰላችሁ? «በትምህርት ቤቱ መምህራን ሐሳባቸውን ያለ ፍርሃት ይገልጻሉ።»

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ።

«የት ነው የሞከርከው?»

«እኛ ትምህርት ቤት።»

«ማን አደለው?»

«እኔ።»

«ማን ሰበሰበው?»

«እኔ።»

ሳቀ። ሳቁ ደግሞ ረዘመ። «በል እንደገና አስበው» ብሎ ዘጋው።

ወደ ማታ ከስታፉ በዕድሜ ትልቁን፣ ጡረታ የደረሱትን የሒሳብ መምህር መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ያ መጠይቅ ላይ የሞሉት ግን እውነት ነው?» አልኳቸው።

«የትኛው፣ ዘጠኝ ቁጥር?»

«የለም፣ 31ኛውን ማለቴ ነው።»

«እኔ የምልህ የወረቀቱን ቁጥር ነው። መቆጣጠሪያው ላይ ዘጠነኛው እኔ ነኝ። ስማ ልጄ፣ የእኔን ውጤት በምትሞላበት ሳምንት የአንተን እንድሞላ ትሰጠኛለህ?»

የጎጃም ሰው ስለሆኑ በቅኔ ይነግሩታል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሸውዳችኋል። ፊት ለፊት ነው የሰጡኝ።

ከዚያ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ተስማማን። እሱም በሌላ ወረዳ ርዕሰ መምህር ነው። መጠይቁን እሱ በእኔ ትምህርት ቤት ሊበትን፣ እኔ በእሱ። ቁጥር የለም፣ ፊርማ የለም፣ ስታፍ ውስጥ አፉ የተቀደደ የብስኩት ካርቶን ይቀመጣል፣ እዚያ ይከቱታል። አልፋው አማረ። ጥያቄ 31 ግን በአማካይ 2.3 ወጣ። የጓደኛዬ 2.1 ነበር፤ ያን ሰሞን የተጽናናሁት በእሷ ብቻ ነው።

የካቲት ላይ ስብሰባ ጠራሁ። «ሐሳብ ያለው?» አልኩ። ጭጭ። ድሮም እንዲህ ነበር፣ እኔ ግን የተስማሙ ይመስለኝ ነበር። ቃለ ጉባኤውን ለምክትሌ ሰጠሁና ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። ሻይ ቤቷ ከበሩ ፊት ለፊት ናት፣ ግን ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ፣ ከዚያም ያለ ምክንያት ችግኞቹን እየዞርኩ አየሁ። ስመለስ 11 ነጥብ ተመዝግቧል። የክፍለ ጊዜ ድልድል አለ፣ የፈቃድ አሰጣጥ አለ። አንደኛው ግን እንዲህ ይላል፦ «በወረቀት እጥረት ምክንያት የወር ፈተና ሰሌዳ ላይ ይጻፍ የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሳምንት ለርዕሰ መምህሩ የግል ትምህርት የዋለው 88 ወረቀት ይመለስ።»

ማስታወቂያው ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። 22ን በ4 ማን እንዳባዛው አልጠየቅኩም። ጋሼ ኮርኒሱን ያዩ ነበር።

ቅዳሜ ማርቆስ ሄጄ አንድ ደስጣ ገዛሁ።