ለግማሽ ሰዓት ስብሰባ ኢቲካል ክሊራንስ አምጡ ተባልን

የአድቮኬሲና (ውሳኔ ሰጪን ወትውቶ ለውጥ የማምጣት ሥራ) የፖሊሲ ኮርስ ለህብረተሰብ ጤና ተማሪዎች እንድታስተምሩ የተመደባችሁ መምህራን ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ኮርሱ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። የፖሊሲ ዑደት፣ የባለድርሻ አካላት ትንተና፣ የፖሊሲ ብሪፍ (ለውሳኔ ሰጪ የሚቀርብ አጭር የምክረ ሐሳብ ጽሑፍ) አጻጻፍ። እነዚህን በስላይድ ጨረስኳቸው። ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው። ሪግረሽን የሚባለው የስታቲስቲክስ ስሌት ላይ እኔንም ያስከነዱኛል። ግን አንዳቸውም ኃላፊ ቢሮ ገብተው «ይህን ያድርጉልን» ብለው አያውቁም። ስለዚህ የተግባር ሥራ ሰጠኋቸው።

ጉዳያችን ትምባሆ ነበር። ሕጉ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ሲጋራ አይሸጥም። ሺሻ ጭራሽ ክልክል ነው። እኛ ባለንበት ከተማ ግን ማታ አንዱ ግሮሰሪ ጎራ በሉ። አዋጁ ለሌላ አገር የወጣ ይመስላችኋል። የተማሪዎቹ ሥራ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት አነጋግረው ቁጥጥሩ እንዲጀመር ማሳመን ነበር።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የትብብር ደብዳቤ አጻፍን። ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው፣ ግልባጭ አለው። መዝገብ ቤት ገባ። ኃላፊው ለባለሙያ መሩት። ባለሙያው መስክ ናቸው ተባለ። ከመስክ ሲመለሱ ስልጠና ገቡ። ከስልጠና ሲወጡ ደብዳቤው ጠፋ፤ ሌላ አጻፍን። ሳምንታት አልፈው የመጣው መልስ «ኢቲካል ክሊራንስ አምጡ» የሚል ነው፤ ሰው ላይ ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሰጠው ፈቃድ ማለት ነው። ጥናት አይደለም አልን። መጠይቅ አንበትንም፣ ደም አንቀዳም፣ ኃላፊውን ለግማሽ ሰዓት ማነጋገር ነው የምንፈልገው አልን። «ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሁሉ ያመጣል» ተባልን።

ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ሄድን። ጥናት ላልሆነ ነገር ፈቃድ አንሰጥም አሉ። ልክ ናቸው። እንግዲያው ይሄንኑ በደብዳቤ ጻፉልን ስንል «እንዲህ ያለ ፎርማት የለንም» አሉን። ፎርማት! አገር ምድሩ የሚጽፈውን ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ፎርማት የለውም ብሎ የሚመልስ ሰው ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ክሊራንስ የጠየቀን ቢሮ ጥናት ነው ይላል፤ ኮሚቴው አይደለም ይላል። ሁለቱ ደግሞ ስልክ ተደዋውለው አይነጋገሩም።

አንዷ ተማሪዬ «መምህር፣ ለምን ፕሮፖዛል ጽፈን ጥናት አናደርገውም?» አለችኝ። በእሷ አልተናደድኩም። በየዓመቱ ያስተማርናቸው ይሄንኑ ነው። በር ሲዘጋባቸው ጥናት ይጽፋሉ፤ ጥናቱም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

መውጫው የተገኘው ከኃላፊው በር ተነስተን ወደ ታች ስንወርድ ነው። ሆቴልና ግሮሰሪ እየዞረ ንጽህና የሚቆጣጠር ባለሙያ አለ። ቡና ጋበዝነው። ደብዳቤ አልጠየቀንም። «ቼክሊስቴ ላይ ትምባሆ የሚል ነገር የለም» አለን። «በራሴ ብጽፍ የቤቱ ባለቤት ማን አዘዘህ ይለኛል። ቅጹ ላይ ይግባልኝ እንጂ እኔ እሞላዋለሁ።»

ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን እዚያው ቀየሩ። «አዋጁ ይተግበር» የሚለው ቀርቶ «ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር» ሆነ። ለዚህ ምክር ቤት አያስፈልግም፤ በጀት አያስፈልግም፤ የአንድ ሰው ፊርማ ይበቃል። የውስጥ ማስታወሻውን ባለሙያው ራሱ አረቀቀ፣ ተማሪዎቹ የአዋጁን አንቀጾች አቀበሉት። ኃላፊው ፈረሙ። ክሊራንስ የሚባል ነገር ማንም አላነሳም። እንዲያውም በኋላ ስብሰባ ላይ የራሳቸው ሐሳብ አድርገው አቀረቡት አሉ። ተማሪዎቹ ከፋቸው። እኔ ግን ከዚህ በላይ የኮራሁበት ቀን የለም።

የአድቮኬሲ መመሪያዎቹ ከፍተኛውን ውሳኔ ሰጪ ያዙ ይላሉ። እኔ የምለው ማስታወሻውን የሚያረቀውን ሰው ያዙ ነው። የባለድርሻ አካላት መድረክ አዘጋጁ ይላሉ። አበል ከሌለው ማንም አይመጣም፣ አበል ካለው ደግሞ የማይመለከተው ሁሉ ይመጣል፤ ተዉት። ብሪፉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ከመጀመሪያውም በአማርኛ ይጻፍ። ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ከሆነ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አትርሱ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ብሪፍ ይዞ መሄድ ልፋት ነው።

«አድቮኬሲ ፖለቲካ ነው፣ ይቅርብህ» የሚሉ አንጋፋ ባልደረቦችም ይገጥሟችኋል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አዋጅ 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢው ከውጭ የሆነን ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር፤ ብዙ ሰው ያኔ አፉን መዝጋት ለመደ። ያ ሕግ በአዋጅ 1113/2011 ተሽሯል። ቁጥሩን ልብ በሉ፤ ከትምባሆው አዋጅ ቀጥሎ የወጣ ነው። የድሮው ሕግም ቢሆን ስለ ድርጅቶች እንጂ ስለ ክፍል ውስጥ ትምህርት አልነበረም።

ውጤት አሰጣጥ ላይም ከዲፓርትመንቱ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። እነሱ ብሪፉ ይታረም ይላሉ። እኔ ግን ግማሹን ነጥብ የምሰጠው ተማሪው ለሚይዘው ማስታወሻ ደብተር ነው፦ ማንን አገኘ፣ ምን ተባለ፣ ለማን ተመራ፣ ፋይሉ የት ቆመ። ዘንድሮ እንደገና ክርክር አለብን፤ አልለቅም።