አርባ ስምንት ዘንጎች

ትናንት ማታ የጀመረው በረዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አደረ፤ ዛሬም ቀኑን አላቋረጠም። የዘንድሮ የመጀመሪያው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። የተፈጠረ ነገር የለም፤ ያስቀየመኝም የለም። እንዲህ የሚያደርገኝ ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ቤቱ ሁሉ ሲተኛ ወደ ጋራዡ ወረድኩ። ምን ልሠራ እንደወረድኩ በደንብ አላውቅም። መብራቱን አበራሁ፤ በበረዶ ላይ ከምነዳው ሞተር፣ ከስኖውሞቢሉ፣ ላይ ሸራውን ገፈፍኩ፤ የኋላውን በክሪክ አነሳሁትና ከጎኑ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤ ይረጋጋል።

ሰንሰለቱ አልቋል። ሰንሰለት የምለው ከመቀመጫው ሥር የሚሽከረከረውን ሰፊ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ለታንክና ለቡልዶዘር የምንጠቀምበትን ቃል ተውሼ ነው እንጂ አብዛኛው አካሉ ጎማና ክር ነው። ባለፈው ዓመት የብርዱ ወቅት ሊያልቅ ሲል ከእግሬ ሥር ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፤ ስፈጥን የሚፈጥን፣ ስዘገይ የሚዘገይ። ያኔ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ሰንሰለቱን በእጄ ቀስ እያልኩ ሳዞር ምንጩን አገኘሁት። በጎማው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተቀበሩ የፋይበርግላስ ዘንጎች አሉ። ጤነኛውን ዘንግ በአውራ ጣቴ ስጫነው መልሶ ይገፋኛል። አንዱ ጋ ስደርስ ግን ጎማው ምንም ሳይታገለኝ እጥፍ አለ። ተሰብሯል። ከእሱ ቀጥሎ በረዶውን ከሚጨብጡት የጎማ ጥርሶች ሦስቱ ከሥራቸው ተገንጥለዋል፤ በተገነጠሉበት ቦታ ነጫጭ ክሮች ወጥተው ይታያሉ። የቀሩት ጥርሶች ጫፋቸው ዶልዱሟል፤ ጎማው ራሱ ደርቆ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። አንድ ዘንግ ስለተሰበረ ሰንሰለቱ ዛሬውኑ አይበጠስም። ነገር ግን የእሱን ሸክም ግራና ቀኙ ያሉት ይካፈሉታል፤ እነሱም በተራቸው ይደክማሉ። መቀየር አለበት፤ ይህን ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብኝም። የከበደኝ ምርጫው ነው።

ጋሼን እሑድ ዕለት ደውዬ ጠይቄያቸው ነበር። ይህን ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉ?

“ዘንጎቹን ቆጠርሽ?” አሉኝ።

“ቆጠርኩ ጋሼ፤ 48 ናቸው።”

“ከዘንግ እስከ ዘንግ ያለውን ርቀትስ?”

ዝም አልኩ።

“እንግዲያው ገና አልለካሽም የኔ ልጅ። ለክተሽ ደውዪልኝ።”

ዛሬ ለካሁ። የአንዱን ክፍተት ብቻ ብለካ በትንሹ ልሳሳት ስለምችል፣ እሳቸው እንዳሳዩኝ የአሥሩን ክፍተት በአንድ ላይ ለክቼ ለአሥር አካፈልኩት። ሜትሩ 28.6 ኢንች አለ፤ ስለዚህ ርቀቱ 2.86 ኢንች ነው። በሌላው የተለመደ ልክ፣ በ2.52፣ ተመሳሳዩ 48 ዘንግ የሚያወጣው 121 ኢንች የሚሆን ሰንሰለት ነው፤ በ2.86 ደግሞ 137 ይሆናል። ሁለቱም 48 ናቸው፤ በመካከላቸው ግን 16 ኢንች አለ። ቆጥሬ ብቻ ባዝ ኖሮ ሰንሰለቱ መጥቶ አልገባ ሲል ነበር የማውቀው። ደግሞ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ሰንሰለቱን የሚያሽከረክረው ማርሽ የተሠራው ለዚያች ለአንዷ ርቀት ነው፤ ርቀቱ ካልገጠመ ማርሹ በጎማው ውስጠኛ ጉብታዎች ላይ እየዘለለ ይፈጫቸዋል። ስፋቱ 15 ኢንች ነው፤ እሱ አላስቸገረኝም።

አሁን የቀረው የጥርሱ ቁመት ነው፤ ልቤም የተከፈለው እዚህ ላይ ነው።

በማሽን በተደለደለ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው 1.25 ኢንች በቂ ነው፤ 32 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። 1.5 ቢሆን ትኩስ በረዶ በጣለ ማግስት ትንሽ የተሻለ ይጨብጣል። ማንም ሰው ያልረገጠው ጥልቅ በረዶ ውስጥ ለሚገባ ደግሞ 2 ኢንችና ከዚያ በላይ ነው የሚያስፈልገው፤ ተራራ የሚወጡት እስከ 3 ኢንች ያደርሱታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ቢሆን ዓይኔ በረጃጅሞቹ ላይ ይቀራል። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ስትወጣ፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በዛፎቹ መካከል የተጠማዘዘ የአንድ ሰው ብቻ ዱካ አይቼ ቆሜ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ዱካው የሚጠፋበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ጠዋት ወዲህ የሆነ ነገር በውስጤ አለ።

ግን ለራሴ እውነቱን መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት ከመንገድ የወጣሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሌላው ጊዜ በሙሉ በተደለደለው ላይ ነበርኩ፤ የምወደውም እሱን ነው። ረጅም ጥርስ ደግሞ ጠንካራ መንገድ ላይ ይሰቃያል። መሬቱን በመታ ቁጥር ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ከሥሩ መቀደድ ይጀምራል። ሞተሩም ያንን ሁሉ ጎማ ለማጠፍ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ነዳጁም እንዲሁ። በዚያ ላይ ከመቀመጫው ሥር ያለው ቦታ ለረጅም ጥርስ ላይበቃ ይችላል፤ ያኔ ማርሹን በትንሽ ማርሽ መቀየር ይመጣል። የሁለት ቀን ምኞቴን ለማሟላት የቀረውን ወቅት ሁሉ እያማረርኩ መንዳት ትክክል አይመስለኝም። ስለዚህ 1.25። ምናልባት 1.5። አይ፣ 1.25።

የርዝመቱን ነገር ስላልነካካሁት ደስ ብሎኛል። 137 ለእኔ ይስማማኛል። አጭሩ በኩርባ ላይ ቀልጠፍ ይላል፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ መንገዱ በብዙ ሰው ተነድቶበት ሲጎረብጥ በየጉድጓዱ ይገባል። ረጅሙ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ድልድይ ሆኖ ያልፋል። ወገቤ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ያለው የምስማሮቹ ጥያቄ ነው። መንገዳችን አንድ ቦታ ላይ ሐይቁን ያቋርጣል፤ ነፋሱ በረዶውን ጠርጎ ስለሚወስደው ግግሩ እንደ መስታወት ይሆናል። ፍሬን ስይዝ ሰንሰለቱ ይቆማል፤ እኔ ግን አልቆምም። ጎማውን እየበሱ ጫፋቸው ካርባይድ ከሚባል በጣም ጠንካራ ነገር የሆነ ሹል ምስማሮችን ማሰር ይቻላል፤ ከጥርሱ በላይ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ያህል ከወጡ ግግሩን ይነክሳሉ። ያን ጊዜ ግን ከፊት የሚንሸራተቱት ስኪዎች ሥር ያለው ካርባይድም መጠንከር አለበት፤ የኋላው ብቻ ከጨበጠ መሪው ሲጠመዘዝ ፊቱ እምቢ ብሎ ቀጥታ ይሄዳል። የተበሳ ጎማ ደግሞ አይመለስም። መቶ ቀዳዳ በአዲስ ሰንሰለት ላይ! ከፋብሪካው ትንንሽ ሹሎች በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ተተክለውበት የሚመጣም አለ፤ መብሳት የለበትም፤ አያያዙ ግን በባዶው ጎማና በታሰረው ምስማር መካከል ያለ ነው።

ብቻዬን ብሆን ሐይቁ ላይ ዝግ እላለሁ እንጂ ስለ ምስማር ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። ነገር ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትንሿ ልጄ ጋራዡ ውስጥ አግኝታኝ ከኋላዬ ካልተቀመጥኩ አለች። አምና እግሯ ተንጠልጥሎ ይቀር ስለነበር “እግርሽ መርገጫውን ሲነካ እወስድሻለሁ” ብያት ነበር። ዛሬ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። ሁለቱም ጫማዎቿ መርገጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አረፉ። “ነካ!” አለች። ሁለት እጇን ወገቤ ላይ አጠላልፋ ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች፤ እኔም ዞር ብዬ አላየኋትም።

እንዲህ የማስበው ለዚህ ይሆን ያንን ሰው?

ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲዬን ማለቴ ነው፤ በካናዳ የኬቤኩን፣ የቫልኩር ከተማውን ሰው። ስኖውሞቢል የሚነዳ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ ልጁን የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። በበረዶ ላይ የሚሄድ ነገር ለመሥራት የተነሳው ገና ልጅ ሳለ ነበር፤ በ1922፣ በ15 ዓመቱ፣ ከአሮጌ መኪና በወጣ ሞተርና በፕሮፔለር የሚሄድ ተንሸራታች ሠርቷል። ያኔ ለእሱም ደስታ ነበር፤ እንደ እኔ። በ1934 የብርድ ወቅት ግን የሁለት ዓመት ልጁ ሆዱን ታመመ። መንገዶቹ በበረዶ ተዘግተዋል፤ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ የሚያደርሰው ነገር የለም። ልጁ ሞተ። እንግዲህ አባትየው መካኒክ ነው፤ ጋራዥ አለው፤ ለዓመታት በበረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ሲሞክር የኖረ ሰው ነው። ይህን ሳስብ እጄ ላይ ያለው ሜትር ይከብደኛል።

በ1937 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበትን ነገር ታውቃላችሁ? ሞተሩ አይደለም፤ ስኪውም አይደለም። ማርሹና ሰንሰለቱ ነው። በጎማ የተሸፈነ ጥርሳም መንኮራኩርና ከጎማና ከጥጥ የተሠራ ቀበቶ። እኔ አሁን በአውራ ጣቴ የምጫነው፣ ነጫጭ ክሩ የወጣው፣ የዚያ ቀበቶ የልጅ ልጅ ነው። መጀመሪያ የሠራቸው መኪኖች ብዙ ሰው የሚይዙ ነበሩ፤ ሐኪም ወደ ታማሚ ቤት ይወስዱ ነበር፤ ፖስታ ያደርሱ ነበር፤ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ያመላልሱ ነበር። እኛ የምንነዳው ዓይነት ቀላሉ የመጣው በ1959 ነው። እሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ1964 ሞተ።

ከልጁ ሞት እስከዚያ ማርሽ ድረስ ባሉት ሌሊቶች ምን ያስብ ነበር? ጎማውን ሲቆርጥ፣ ማርሹን ሲያስተካክል፣ ሙከራው ሲበላሽበትና እንደገና ሲጀምር? እየሠራ ይረሳ ነበር ወይስ እያንዳንዱ ቡሎን ያስታውሰው ነበር? ሰንሰለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥልቅ በረዶ ላይ ሳይሰምጥ ሲሄድለትስ? ደስ አለው? ወይስ ቆሞ ስንት ሰዓት ይፈጅ እንደነበር አሰላ፣ ከቤቱ እስከ ሆስፒታሉ? እኔ ብሆን የማሰላ ይመስለኛል። ባሰላሁት ቁጥርም እንደገና የምወድቅ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ቅዝቃዜው ከመሬቱ ወደ ወገቤ ወጥቷል። ክሪኩን አላወረድኩም። የማዘዣ ወረቀቴ ላይ 15፣ 137፣ 2.86 ብዬ ጽፌ የጥርሱን ቁመት ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደተውኩት አላውቅም፤ ቅድም ወስኜ አልነበር? የምስማሩንም ቦታ እንዲሁ።

ሐይቁን በተመለከተ ጋሼ የሚሉትን አውቃለሁ። ለስኖውሞቢል ጥርት ያለው አዲስ ግግር ከ5 እስከ 7 ኢንች ውፍረት ይፈልጋል፤ ነጭ የሆነው ደግሞ እጥፍ፤ ሳትበሺና ሳትለኪ አትግቢበት። ምስማር የሚረዳው ግግሩ ከያዘ ብቻ ነው። ዙሪያውን የሚሄደው የጫካ መንገድ አለ፤ ይረዝማል፤ ኩርባው ይበዛል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውም አይታይም። የትኛው ይሻላታል?

አባቷን ብጠይቀው “አንቺ ታውቂያለሽ” ነው የሚለኝ። እሱ ይህን የሚለው ስለሚያምነኝ ነው። ዛሬ ግን እንዲህ ባይለኝ እመርጣለሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በረዶው ቆሟል፤ ውጭው ፀጥ ብሏል። ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው መስኮቱን ነው፤ ከዚያ ሮጣ ትመጣና “እማዬ፣ መቼ ነው የምንሄደው?” ትለኛለች። እግሯ መርገጫውን ነክቷል። ምን ልበላት?