ኋላ ያሉትን ቁጠሪ

የምኖረው ቱሪን ነው። ሥራዬ አረጋዊ መንከባከብ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጣን ብዙ ሴቶች በጣሊያን እንጀራችንን የምንበላበት ሥራ። የምንከባከባቸው ሰው በጉልምስናቸው ፊያት ፋብሪካ የሠሩ፣ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ከወንበራቸው የማይነሡ ሽማግሌ ናቸው። እንደ ልጅ ልጆቻቸው «ኖኖ» እላቸዋለሁ። የቤቱ ውሎ ዓመቱን ሙሉ በሰዓት የተለካ ነው፤ መድኃኒት፣ ምሳ፣ የቀን እንቅልፍ፣ እግር ማፍታታት። የጣሊያን ታላቁ የብስክሌት ውድድር ጂሮ ዲታሊያ በሚካሄድባቸው ሦስት ሳምንታት ግን ውሎውን የሚወስነው ቴሌቪዥኑ ነው። ምሳ ቀደም ብሎ ይበላል፣ እንቅልፍ ይቀራል፣ ልጆቻቸው ቢደውሉም ተራራው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ።

አንድ የተራራ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ዓይኔን ከፊተኛው ብስክሌተኛ ላይ እንዳልነቀልኩ አዩና «ፊት ያለውን ተዪው። ኋላ ያሉትን ቁጠሪ» አሉኝ። ሮዝ ማልያ የለበሰው መሪ፣ ማለትም የሁሉም ቀን ሰዓት ሲደመር ቀዳሚ የሆነው፣ ስንት ባልደረባ እንደቀረው፣ ተቀናቃኙስ ስንት እንደቀረው ነበር እንድቆጥር የፈለጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የብስክሌት ውድድር ለእኔ ሌላ ነገር ሆነ።

ነገሩ የሚጀምረው ከነፋስ ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጋልብ ሰው ዋና ጠላቱ አየር ነው። ከሌላ ሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ግን ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይቆጥባል። ስለዚህ አንድ ቡድን ለጂሮ ስምንት ሰው ያሰልፍና አብዛኞቹ ለአንዱ ይሠራሉ። ነፋስ ይከልሉለታል፣ ወደ መኪናው ተመልሰው ውኃ ያመጡለታል፣ ጎማው ቢተነፍስ የራሳቸውን ፈትተው ይሰጡታል። ጣሊያኖች እነዚህን ሰዎች ግሬጋሪዮ ይሏቸዋል። ዳገቱ ዘጠኝና አሥር በመቶ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ይቀልና ሰው ከገዛ ክብደቱ ጋር ይታገላል። ግሬጋሪዮዎቹ በየተራ ፊት ወጥተው ያላቸውን ሁሉ ይሰጡና አንድ በአንድ ይቀራሉ። ከሁለት ተራሮች መካከል ሸለቆ ካለ ግን ነፋሱ ተመልሶ ይመጣል። ዳገቱን ብቻውን የወጣው ሰው ሸለቆው ውስጥም ብቻውን ነው፤ ከኋላው የሚያሳድዱት ደግሞ እየተፈራረቁ ይጎትታሉ። ብዙ ጀግና ተራራው ላይ ያገኘውን ደቂቃ የሚያጣው እዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያየሁት በ2025 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ሜይ 31፣ ከቬሬስ ወደ ሴስትሪዬሬ በተደረገው የጂሮው 20ኛ ቀን ውድድር ነው። በመካከል ያለው ተራራ ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ ይባላል። ከቱሪን በስተምዕራብ ከሱዛ ሸለቆ ተነሥቶ 18.5 ኪሎ ሜትር ይወጣል፣ አማካይ ዳገቱ 9.2 በመቶ ነው፣ የመጨረሻው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት የለበትም፣ ጠጠር ነው። ጫፉ 2,178 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚህ ጫፍ በላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ቁጥሩ የእኛን ሰው አያስደንቅ ይሆናል፤ እዚህ ግን ሰው ከ500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ትንፋሽ ነው እዚያ የሚወጣው።

ፊኔስትሬ ለሳይመን ዬትስ የቆየ ቁስል ነበር። በ2018 እንግሊዛዊው ዬትስ ሮዝ ማልያውን ለብሶ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቱሪን ጥግ ከቬናሪያ ሬአሌ ተነሥቶ እዚህ ተራራ ላይ ጉልበቱ ከዳው። የዚያን ቀን ክሪስ ፍሩም 80 ኪሎ ሜትር ሲቀር ተነጥሎ ወጣና ብቻውን ባርዶኔኪያ ገባ፤ ዬትስ 38 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ዘግይቶ ደረሰ። ፍሩምን ያሳድድ የነበረው ቶም ዱሙላን ደግሞ ጫፉን ካለፈ በኋላ አጋዥ እንዲሆነው ከኋላ የሚመጣ ሰው ጠበቀ፤ ሲጠብቅ ፍሩም ራቀ። ኖኖ ይህችን መጠበቅ ሲያነሡ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ከፍ ይላል። «አጋዥ ከፊትህ ነው መቆም ያለበት እንጂ ከኋላህ አይጠበቅም» ይላሉ።

ከሰባት ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። ጠዋት ላይ ማልያው በ21 ዓመቱ ሜክሲኳዊ ኢሳክ ዴል ቶሮ ትከሻ ላይ ነበር። ኢኳዶራዊው ሪቻርድ ካራፓዝ 43 ሰከንድ፣ ዬትስ 1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይከተሉታል። ውድድሩ እንደተጀመረ ቀድመው ከተነጠሉት ብስክሌተኞች መካከል የዬትስ ባልደረባ ዋውት ቫን አርት ነበረበት። ቫን አርት በዚሁ ጂሮ ሲዬና ላይ ያሸነፈ፣ በ2022 ቱር ደ ፍራንስ በነጥብ አንደኛ ለሚሆን የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ የወሰደ ትልቅ ኮከብ ነው፤ ሰውነቱ ግን ለእንዲህ ያለ ዳገት የከበደ ነው። ኖኖ ስሙን እንደሰሙ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ይህ ሰው ለራሱ አይደለም የወጣው» አሉ።

የፊኔስትሬ ግርጌ ላይ የካራፓዝ ቡድን ፍጻሜ መስመሩ እንደቀረበ ያህል ፍጥነቱን ጨመረው። ካራፓዝ ወጣ፣ ዴል ቶሮ ተከተለው፣ ዬትስ ትንሽ ቀርቶ በራሱ ልክ እየጋለበ ደረሰባቸው፤ ከዚያ እሱ ራሱ አጠቃ፣ ደግሞ አጠቃ፣ በመጨረሻም ብቻውን ሄደ። ከኋላ የቀሩት ሁለቱ እየተያዩ ቀሩ። የዴል ቶሮ ስሌት ካራፓዝን እስካልለቀቀው ድረስ ማልያው የእሱ እንደሆነ ነው፤ ለእሱ አደገኛው የ43 ሰከንዱ ሰው ነበር። ካራፓዝም ሮዝ ማልያውን የለበሰው ተቀምጦ እየተጓተተ እሱ ነፋሱን እንዲገፋ አልፈለገም። ሁለቱም በየራሳቸው ሒሳብ ትክክል ነበሩ፤ ሒሳቡ ውስጥ ግን ሦስተኛው ሰው አልነበረም። እኔ ስክሪኑ ላይ ያለውን የሰከንድ ቁጥር እያየሁ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። የኖኖን ቡና ምድጃው ላይ ትቼው ገንፍሏል፣ አልሰማሁትም።

ዬትስ ጠጠሩን ጨርሶ ቁልቁለቱን ሲወርድ ማልያው በሒሳብ የእሱ ሆኗል። ከፊቱ ግን ወደ ሴስትሪዬሬ የሚወስደው ረጅም ሸለቆ አለ። ከ2018ቱ ጋር ያለው ልዩነት ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቫን አርት ማለዳ የወጣው ለዚህች ሰዓት ነበር፤ ፊኔስትሬን አልፎ ሸለቆው ውስጥ ጓደኛውን ጠበቀው። ሲገናኙ ቫን አርት ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየና ያን ትልቅ ጀርባውን አቀና፣ ዬትስ ከኋላው ተሸጎጠ፣ ከዚያ በኋላ ክፍተቱ በየኪሎ ሜትሩ ሰፋ። የዕለቱን ውድድር ቀድሞ ከተነጠሉት አንዱ የሆነው አውስትራሊያዊው ክሪስ ሃርፐር አሸነፈ። ዬትስ እንባውን ሊገታ አልቻለም። በማግሥቱ ሮም ላይ ዴል ቶሮን በ3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ በልጦ ጂሮውን ወሰደ።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ቫን አርት ነው። የሚችለውን ሁሉ ሰጥቶ ከዬትስ ጎን ወጣ ሲል፣ ጭንቅላቱ ተደፍቶ፣ ፔዳሉን እንደ ነገሩ እያዞረ ሲቀር ካሜራው ወዲያው ትቶት ሄደ። ኖኖ በቴሌቪዥኑ ላይ ተቆጡ። «እሱን አሳዩን እንጂ!» አሉ።

ይህን የሚሉት ሰው በልጅነታቸው የወደዱት ግን ብቻውን የጋለበውን ሰው መሆኑ ይገርመኛል። በ1949 ፋውስቶ ኮፒ ከኩኔዮ ወደ ፒኔሮሎ በተደረገው ውድድር አምስት ተራራ አቋርጦ 192 ኪሎ ሜትር ብቻውን ጋልቦ፣ ሁለተኛ የወጣውን ጂኖ ባርታሊን 11 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ጥሎት ገባ። ጋዜጠኛው ማሪዮ ፌሬቲ በሬዲዮ «አንድ ሰው ብቻውን ይመራል» ብሎ የጀመረውን ንግግር ኖኖ እንደ ጸሎት በቃላቸው ይደግሙታል። ኮፒ በ40 ዓመቱ በ1960 ሞተ፤ የገደለው የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ ሄዶ የያዘው ወባ ነው፣ ሐኪሞቹም ወባ መሆኑን አላወቁለትም። በቆላ አገር ያደገ ማንም እናት በትኩሳቱ የምትለየው በሽታ ጣሊያን ውስጥ ያን የመሰለ ሰው ሲበላ ሰሚ አለማግኘቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለ እኛ አካባቢ ሰዎችም ልናገር። በጁላይ 2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስተኛ ቀኑን ቱሪን ላይ ሲጨርስ ኖኖን ልጃቸው ጋር ትቼ ጎዳና ወጣሁ። ኤርትራውያን ባንዲራቸውን ይዘው ከየአቅጣጫው መጥተዋል። ቢኒያም ግርማይ አሸነፈ፤ በቱር ደ ፍራንስ የአንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ተቃቅፌ እልል አልኩ፤ በትግርኛና በአማርኛ ተደባልቀን ጮኽን። ከዚያ በኋላ ሁለት ድል ጨመረና አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። ብዙ ሰው የማያየው ግን ቢኒያም ማልያውን ለመያዝ በአልፕስና በፒሬኔ ተራሮች ላይ ያደረገው ነው። እንደ ቢኒያም በሜዳ ፍጻሜ ላይ በፍጥነቱ የሚያሸንፍ ብስክሌተኛ ተራራ ላይ ለማሸነፍ ሳይሆን ከተፈቀደው ሰዓት ሳያልፍ ለመግባት ይታገላል፤ ከአሸናፊው ሰዓት በተወሰነ መቶኛ ያለፈ ሰው በማግሥቱ አይነሣም። ስለዚህ ከኋላ የቀሩት ተሰባስበው፣ ሰዓቱን እያሰሉ፣ ጠላትና ወዳጅ ሳይሉ አብረው ይወጣሉ። አረንጓዴው ማልያ የዳነው እነዚያ ዳገቶች ላይ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ስፖርት ይወዳል፣ ብስክሌትን ግን ለገንዘብ የሚደከምበት ጨዋታ ይለዋል። ስለ ጽጋቡ ግርማይ ነገርኩት። ከትግራይ የተነሣው ጽጋቡ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ወንድሜ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሸነፈ ወይ?»

ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። በአትሌቲክስ የለመድነው ወርቅ ዓይናችንን ሌላ ነገር እንዳያይ አድርጎታል ብዬ አምናለሁ። አትሌቶቻችን ግን እንዲህ አይደሉም። ወንድሜን በ2004 አቴንስ ላይ የተደረገውን የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ አስታወስኩት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጉዳት ምክንያት ሳይዘጋጅ ገብቶ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀንሰው እየዞሩ አዩት፣ ይደርሳል ብለው ጠበቁት። መድረስ እንደማይችል ሲያረጋግጡ ነው የሄዱት፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። ያን ሌሊት አብረን ያለቀስነው ለወርቁ ብቻ እንዳልነበር ወንድሜ ያውቃል። ጽጋቡም በሦስት ሳምንቱ ውስጥ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ፊት ወጥቶ ነፋስ መግፋት፣ ውኃ ማመላለስ፣ ሲደክም መቅረት፣ በማግሥቱ ደግሞ መነሣት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን የተራራ ማልያ በቱር ደ ፍራንስ የለበሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኖ ነበር፤ እሱን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል፣ ማልያ ስለለበሰ። ለጽጋቡ የሚሰጥ ማልያ የለም። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ቢያንስ ስሙን ከሥራው ጋር ቢያነሡለት እወዳለሁ፤ የቱ ቀን ላይ፣ በየትኛው ተራራ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደጎተተ።

ወንድሜ ዝም ብሎ ሰማኝ። ትንሽ ቆይቶ መልእክት ላከልኝ፤ «ጽጋቡ ያኔ የደከመው ለማን ነበር?» የሚል። ለአጠቃላይ ውጤት የሚጋልበው የቡድኑ ሰው ሉዊ ማይንቼስ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካዊው፣ በዚያ ዓመት ፓሪስ ስምንተኛ ሆኖ የገባው።