ከእያንዳንዱ ሰው ሦስት የመነሻ ምት

የምሠራው በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የጎልፍ ሜዳ የውድድር ማስተባበሪያ ቢሮ ውስጥ ነው። ድርጅቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ሜዳውን ለአንድ ቀን ሲከራዩ የተጫዋቾችን ዝርዝር እቀበላለሁ፣ ቡድን እደለድላለሁ፣ የውጤት ካርድ አትማለሁ፤ ከዚያም ምሳው ሳይቀዘቅዝ ሰው ሁሉ ወደ አዳራሹ መመለሱን እከታተላለሁ። ከሁሉም የሚከብደው ይኸኛው የመጨረሻው ነው።

አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ለ72 ሠራተኞቹ የወዳጅነት ውድድር ሊያዘጋጅ መጣ። ከዝርዝሩ ግማሽ ያህሉ ዱላ ጨብጠው አያውቁም። ዓመት አስቀድሞ በሌላ ሜዳ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ እስከ መጨረሻው እየመታ ተጫውተው ስለነበር ጨዋታው ከስድስት ሰዓት በላይ ፈጅቶ፣ ጀማሪዎቹ መሃል ላይ ጥለው ሄደዋል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። የሚገርም አልነበረም። እንዲህ ባለ ውድድር አራት አራት ሰው ያላቸው 18ቱ ቡድኖች ከ18ቱ ጉድጓዶች መነሻ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1956 በዋሽንግተን ግዛት በዋላ ዋላ ከተማ በጠመንጃ ተኩስ እንደተጀመረ ይነገራል፤ እኛ በድምፅ ማጉያ ነው የምናስነሣው። ሁሉም በአንድ ክብ መስመር ላይ ስለሚዞር አንድ ቡድን ከቆመ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። አራት ጀማሪዎች በአንድ ጉድጓድ ዐሥር ዐሥር ጊዜ ከመቱ አርባ ምት ነው፤ ጫካ ውስጥ የሚፈለገው ኳስ ሳይቆጠር።

ሥራ አስኪያጁ ጎበዝ ተጫዋች ናቸው። ቢሮዬ ሲገቡ ሐሳባቸውን ጨርሰው ነበር።

«ፎርሳምስ ይሁን» አሉኝ። «ራይደር ካፕ ላይ አይተኸው የለ? ሁለት ሰው፣ አንድ ኳስ፣ በየተራ።»

ፎርሳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 ራይደር ካፕ፣ ዛሬ የአሜሪካና የአውሮፓ ቡድኖች የሚገጥሙበት ውድድር፣ ሲጀመር ጀምሮ ያለ፣ የተከበረ የጨዋታ ዓይነት ነው። የሚያምረው ግን ሁለቱም ሲችሉ ነው። አንዱ ኳሱን ዛፍ ሥር ከወሸቀው ሌላው ከዚያው ከዛፉ ሥር መምታት ግዴታው ነው። ጀማሪን ከአለቃው ጋር እንዲህ አጣምረው ቢያሰልፉት ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል።

«ከመጋዘን የመጣ አዲስ ልጅ ኳስዎን ውኃ ውስጥ ቢከትብዎት ሰኞ በሥራ ቦታ እንዴት ሰላም ይልዎታል?» አልኳቸው።

ሳቁ፤ ግን ገባቸው።

ቀጥለው ፎርቦልን አነሡ። በፎርቦል ሁሉም የራሱን ኳስ ይጫወታል፤ ለቡድኑ የሚመዘገበው ዝቅተኛው፣ ማለትም በጥቂት ምት የተገኘው፣ ውጤት ብቻ ነው። ይህ ማንንም አያሳፍርም፤ ነገር ግን የደካማው ተጫዋች ውጤት አንዴም ሳይመዘገብ ሊመሽ ይችላል፣ ሜዳውም ያው በብዙ ኳስ ይጨናነቃል። ስታብልፎርድን እኔ በግሌ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1932 እንግሊዝ ውስጥ በዎላሲ ክለብ ዶክተር ፍራንክ ስታብልፎርድ ያስጀመሩት የነጥብ አቆጣጠር ነው፤ ለፓር፣ ማለትም ለጉድጓዱ በተመደበው የምት ብዛት ለጨረሰ፣ ሁለት ነጥብ፣ ከፓር በአንድ ለተሻለ ሦስት ነጥብ ይሰጣል። ነጥብ የማያገኝበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ኳሱን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ችግሩ በአግባቡ ለመጫወት የእያንዳንዱ ሰው ሃንዲካፕ፣ ማለትም የችሎታው መለኪያ ቁጥር፣ መታወቅ አለበት፤ ከ72ቱ ሰዎች ሃንዲካፕ ያላቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በመጨረሻ በስክራምብል ተስማማን። አራቱም ከመነሻው ይመታሉ፤ ከአራቱ ኳሶች የተሻለው ይመረጣል፤ ሁሉም እዚያ ቦታ ሄደው እንደገና ይመታሉ፤ ኳስ ጉድጓድ እስኪገባ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። የተበላሸ ምት ይረሳል። አራት ኳስ ከመፈለግ አንዱን ተከትሎ መሄድ ደግሞ ሰዓት ይቆጥባል።

ቡድኖቹን የደለደልኩት ሰዎቹን እንደ ችሎታቸው በአራት እርከን ከፍዬ ከየእርከኑ አንድ አንድ ሰው በዕጣ በማውጣት ነው። ጎበዞች በአንድ ቡድን ከተሰባሰቡ ውድድሩ ሳይጀመር አልቋል። አንድ ነገር ግን ቀረ፦ ስክራምብል የተበላሸ ምትን ብቻ ሳይሆን ደካማውን ሰውም ያስረሳል። አንዱ ጉልበተኛ በየጉድጓዱ ከመነሻው ርቆ ከመታ ሌሎቹ ለሽርሽር እንደመጡ ይቆጠራሉ። ለዚህ የታወቀው መድኃኒት ከእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ የተወሰነ የመነሻ ምት እንዲወሰድ ማስገደድ ነው። እኔ ሁለት ሁለት ይበቃል አልኩ።

«የለም፣ ሦስት ሦስት ይሁን» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ሁሉም ይሳተፍ።»

አራት ሰው ሦስት ሦስት ሲባል ዐሥራ ሁለት ነው፤ ከ18ቱ ጉድጓዶች በነፃ የሚመረጥባቸው ስድስት ብቻ ይቀራሉ። ይህን ነግሬአቸው «ይሁን» ብለዋል። ካርዱ ላይ ከየጉድጓዱ ሥር የማን የመነሻ ምት እንደተወሰደ የሚጻፍባት ትንሽ ሣጥን አተምኩ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። የውድድሩ ዕለት ከሰዓት በኋላ በትንሿ መኪና ሜዳውን ስዞር ከኋላ ሁለት ቡድን አስከትሎ የቆመ አንድ ቡድን አገኘሁ፤ የሥራ አስኪያጁ ነበር። ሦስት ጉድጓድ ቀርቷቸዋል፤ ከፓር 9 ምት በታች ናቸው፤ ፊታቸው ግን ቅጭም ብሏል። የቡድኑ አራተኛ ሰው፣ ዕጣ ያደረሰቻቸው የድርጅቱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ካርዱን ይዛ ቆማለች። በእርሷ ስም የተሞላ አንድም ሣጥን የለም።

«የእኔ ኳስ መሃል ሜዳ ላይ ቁጭ ብላለች» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ፣ በጣታቸው እያሳዩ። «እርሷን ትተን የዚህችን ሴትዮ የሰባ ያርድ ምት እንውሰድ? በወዳጅነት ጨዋታ እንዲህ ያለ ጥብቅነት ምን ይሠራል?»

«ሦስት ይሁን ያሉት እርስዎ ነዎት። 17 ቡድኖች በዚሁ ሕግ እየተጫወቱ ነው።»

የሒሳብ ሠራተኛዋ ካርዱን ወደ እኔ ዘረጋችው። «ከስድስተኛው ጉድጓድ ጀምሮ ስነግራቸው ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ቆይ፣ ይደርሳል ይሉኛል።»

ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ካርድ ይዞ ሲናገር ማዳመጥ ይገባ ነበር። አብሮኝ የነበረው የመኪኖቹ ጠጋኝ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን የጎንደር ሰው፣ ጠጋ ብሎ በአማርኛ «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ የሚጣላው ከራሱ ሕግ ጋር ነው እንዴ?» አለኝ። «ዝም በል ጋሼ፣ ደንበኛ ናቸው» ብዬ ሳቄን ዋጥኩ።

ሰባ ያርዷን ወሰዱ። ባለ አራት ፓሩን በአምስት ጨረሱት። ቀጣዩ ባለ ሦስት ፓር ነበር፤ ሴቶቹ የሚነሡበት ቦታ ወደፊት ቀረብ ስለሚል የእርሷ ኳስ አጥሮም ቢሆን የሚመታ ቦታ አረፈ፣ በፓር አለፉ። የእርሷን ምት መውሰድ የነበረባቸው ጠዋት በእንደዚህ ዓይነቶቹ አጫጭር ጉድጓዶች ላይ ነበር። ያሸነፈው ቡድን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የደካማ ተጫዋቹን ድርሻ በአጫጭሮቹ ላይ ቀድሞ ጨርሶ ረጃጅሞቹን ለጉልበተኞቹ አስቀረ።

የመጨረሻውን ባለ አምስት ፓር ተከትያቸው አየሁት። ከእርሷ አጭር ምት ተነሥተው በሦስተኛው ምት ኳሱን ከባንዲራው አራት እርምጃ ያህል ርቀት አሳረፉት። ሥራ አስኪያጁ ሊመቱ ሲዘጋጁ እርሷ «እኔ ልቅደም» አለች። መታች፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ ወደ ግራ ታጥፋ አለፈች። ሣሩ ደልዳላ መስሎ ስለሚታይ ያን ዝቅታ ማንም አላየውም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ወደ ቀኝ አስልተው መቱና አስገቡ። በዚህ ጨዋታ ደካማውን አስቀድሞ ማስመታት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ቢያስገባ እሰየው፣ ቢስትም ለሌሎቹ መስመሩን ያሳያል። ቀኑን ሙሉ ግን መጨረሻ ላይ ሲያስመቷት ነው የዋሉት።

ከፓር 9 ምት በታች ጨርሰው 11 በታች ባመጣ ቡድን ተሸነፉ። ምሳው አልቀዘቀዘም።

ለሚቀጥለው ውድድር ሲደውሉ ሥራ አስኪያጁ ሻምብል ይሁን አሉ፤ የመነሻ ምቱ የጋራ ሆኖ ከዚያ ሁሉም የራሱን ኳስ የሚጨርስበት ዓይነት ነው። የተጫዋቾቹን ዝርዝር ላኩልኝ አልኳቸው። ያው ግማሹ ጀማሪ ነው። ስለዚህ ስክራምብል ይቀጥል፣ የመነሻ ምቱ ሁለት ሁለት ይሁን፣ ከዘጠነኛው ጉድጓድ በኋላም ካርዱን የሚያይ ሰው አቆማለሁ አልኩ። በዚህ ተስማሙ። ያልተስማማነው በዕጣው ላይ ነው፤ ቡድናቸውን ራሳቸው መምረጥ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ዕጣውን የሒሳብ ሠራተኛዋ ታውጣው ብያለሁ፤ መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።